ቦራን የሸኘንበት ቅዳሜ

እርጥብ ፉርሽካ የራሱ ሽታ አለው። ዳቦ ሊሆን ጀምሮ መንገድ ላይ ሐሳቡን የቀየረ ነገር ይመስላል። ባለፈው ሐሙስ አሸዋ ገበያ ሄጄ ወፍጮ ቤት በር ላይ ዝናብ የነካው ጆንያ አጠገብ ሳልፍ ያ ሽታ መጣና እግሬ ቆመ። የምገዛው ነገር አልነበረኝም። ሻጩ ልጅ ቆሜ ስቀር ጊዜ፣ “እህት፣ ምን ያህል ልስፈር? ለላም ነው ለዶሮ?” አለኝ። “ለፈረስ” አልኩት፣ አፌ ቀድሞኝ። ልጁ ከልቡ ሳቀ። “ድሬ ውስጥ ፈረስ የት አግኝተሽ ነው አቦ? ባጃጅ ደግሞ ፉርሽካ አይበላ።”

እውነቱን ነው። ሠላሳን ያለፍኩት ገና በቅርቡ ስለሆነ፣ ትዝታ ለመጻፍ አልደረሰችም የሚለኝ ይኖራል። ድሬን የሚያውቅ ግን አይለኝም። በዚህ ሙቀት ሁሉም ነገር ቶሎ ያረጃል፤ የቤት ቀለም፣ የመኪና ጎማ፣ የሰው ፊት። እኔ ልጅ የነበርኩበት ጊዜ ሃያ ምናምን ዓመት ቢሆነው ነው፤ ሲያወሩት ግን የአያት ዘመን ይመስላል። ባቡሩ ያኔ ያፏጭ ነበር፤ በየቀኑ ባይሆንም ያፏጫል። አባቴ የባቡር ጥገና ሠራተኛ ስለነበር የምንኖረው ከዚራ ነው፣ ዛፎቹ ከግራና ከቀኝ ተቃቅፈው መንገዱን ጣራ ያለበሱበት። ሃምሳ ሳንቲም የያዘ ልጅ ሰንቡሳ በልቶ፣ ጣቱን በሙሸበክ ስኳር አጣብቆ ይገባ ነበር። ሀብታም የሚባለው ልጅ ከጅቡቲ የገባ፣ ሲረግጡት ተረከዙ ቀይ የሚበራ ጫማ ያደረገ ነው። መጋላ መግቢያ ላይ ካለው ካሴት ቤት የሶማሌ ዘፈን ይለቀቃል፤ ፊት ለፊቱ ካለው ሻይ ቤት የአማርኛ። ሁለቱ ዘፈኖች መንገዱ መሃል ይገናኙና ሦስተኛ ዘፈን ይሆናሉ፣ ስም የሌለው። እኔ እስከ ዛሬ የማንጎራጉረው ያንን ሦስተኛውን ነው።

ፔጆ ታክሲ ለትልቅ ሰው ነበር። ለእኛ ጋሪ። አደም የሚባል ባለጋሪ ስድስት ልጆችን በወር ኮንትራት ትምህርት ቤት ያመላልሳል። ቀጭን ሰው ነው። ከታች ሽርጥ፣ ከላይ ከሙቀቱ ጋር የተጣላ ግራጫ ኮት፤ ጅራፉን ሁልጊዜ ብብቱ ስር ይይዘዋል እንጂ ሲመታበት አላየሁም። ፈረሱ ዳማ ሆኖ ግንባሩ ላይ መዳፍ የምታህል ነጭ ነበረችው፤ ስሙም በዚያው ቦራ ነው። ጠዋት መጀመሪያ የምትሳፈረው ፎዚያ ናት፤ መጋላ ውስጥ ቤቷ ከአደም ቤት ጋር ግድግዳ ለግድግዳ ነው። ከዚያ ሦስት አራት በር ይቆምና የደቻቱን ወንዝ በድልድዩ ሳይሆን በደረቁ አሸዋ ያቋርጣል። የመጨረሻዋ፣ ስድስተኛዋ፣ እኔ ነኝ። ፎዚያ ከጠዋት ጀምሮ የያዘችልኝ ቦታ አለ፤ ማንም እንዳይቀመጥበት ቦርሳዋን ጥላበት ትመጣለች።

አንድ ከሰዓት አደም በረከት የሚባለውን ከመካከላችን ጸጥተኛውን ልጅ ትምህርት ቤት ረስቶት ሄደ። የበረከት እናት ያን ቀን መጋላ ድረስ በእግሯ መጥታ ያለችውን ሠፈሩ ሁሉ ሰማ። አደም አንገቱን ደፍቶ ሲሰማ ቆየና፣ “ከእንግዲህ እኔ አልቆጥርም፣ ዋላሂ። የኔ ጭንቅላት አይታመንም” አላት። ከዚያ በኋላ ቦራን ማስቆጠር ጀመረ። ለመመለስ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ስንወጣ እያንዳንዳችን ያቺን ነጭ በመዳፋችን እንነካለን። አደም ልጓሙን ይዞ በኦሮምኛ ይቆጥራል፣ ቶኮ፣ ለመ፣ ሰዲ እያለ። ጃሃ ሲል፣ ማለትም ስድስት ሲል፣ አንድ ጭብጥ እርጥብ ፉርሽካ ያጎርሰውና እንነሳለን። ልጅ ታሞ ከቀረ አደም ራሱ በልጁ ፈንታ ይነካዋል። ሁለት ወር ሳይሞላ ልጓም መያዙም መቁጠሩም አላስፈለገም። አምስት እጅ ከነካው ቦራ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ይጠብቃል። ስድስተኛው እጅ ካልመጣ አይነሳም፤ ብትጎትተው አይነሳም፣ ሌላ ጋሪ ከኋላ ቢሳደብ አይነሳም። እኔ ዕቃ መሰብሰብ ስለማይሆንልኝ ሁልጊዜ መጨረሻ የምደርሰው እኔ ነበርኩ። “ቲጂ፣ አንቺ ቀርፋፋ፣ ፈረሱ ሊሸብት ነው” ይላል አደም። “ሸብቷልኮ፣ ግንባሩን እየው” ትለዋለች ፎዚያ።

ትልቅ ሰው ሁሉ ቁልቁል ነበር የሚያየን። ቦራ ግን ከትልቅ ሰው በላይ ትልቅ ሆኖ፣ አንገቱን እስከ እጃችን ድረስ አውርዶ የሚጠብቀን እሱ ብቻ ነበር። ልጅ ፈረስን ለምን እንደሚወድ ሌላ ምክንያት አላገኘሁለትም። ትንፋሹ መዳፌን ያሞቀዋል፤ ዓይኑ ውስጥ ትንሽ ሆኜ፣ ከኋላዬ ከነትምህርት ቤቱ እታያለሁ። አባቴ ሥራው ሊቀር መሆኑን ለእናቴ ሲነግራት በር ላይ ቆሜ የሰማሁ ቀን፣ በማግስቱ ያንን የነገርኩት ለቦራ ነው። ለፎዚያ እንኳን አልነገርኩም።

ከዚያ ባጃጅ መጣ። መጀመሪያ አንድ፣ እንደ ሙሽራ በልጆች ታጅቦ። ከዚያ አሥር። ከዚያ መቁጠር ቀረ። ወላጆቻችን አንድ በአንድ ኮንትራታቸውን ተዉ፤ አደምም ብልህ ስለነበር ከሌሎቹ ባለጋሪዎች ቀድሞ ጋሪውን ሸጠና ሰማያዊ ባጃጅ ላይ ተቀመጠ። ቦራን ግን የሚገዛው አጣ። የፊት ቀኝ ኮቴው ተሰንጥቋል፣ ዕድሜውም ሄዷል። እዚህ ፈረስ አይታረድም፣ አይበላም፤ የደከመን እንስሳ ገደለ መባልንም የሚፈልግ የለም። ስለዚህ ይለቀቃል። ቃሉ ራሱ ያምራል፣ “ለቀቀው” ይባላል፣ እንደ እስረኛ። ልጓሙን ያወልቁለትና አንድ ቦታ ወስደው ይተዉታል፤ ከዚያ በኋላ የሚሆነው የማንም ጥፋት አይደለም። ባለጋሪው ሁሉ እንዲህ ነው የሚያደርገው፤ አደምም እንዲሁ አደረገ። ደቻቱ አሸዋ ላይ ለቀቀው። በማግስቱ ጠዋት ቦራ ፎዚያ በር ላይ ቆሞ ተገኘ። ራቅ አድርጎ ለቀቀው። በሦስተኛው ቀን እያነከሰ መጣና ከፎዚያ በር ጀምሮ በየተራ፣ በየቤታችን ቆመ። የኛ በር ላይ ሲደርስ እናቴ፣ “እንዳትነኪው፣ ከነካሽው አይሄድም” አለችኝ። በመስኮት አየሁት። አንድ ልጅ ቦርሳውን ይዞ እስኪወጣ ያህል ጠበቀና፣ ማንም ሳይሳፈር፣ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄደ።

አደም አንድ ዓርብ ከሰዓት ስድስታችንን ሰበሰበን። ሙሸበክ ገዝቶልን ነበር። “ወንድሜ መልካ ጀብዱ አልፎ ማሳ አለው” አለን። “ሳሩ እስከዚህ ይደርሳል።” ጉልበቱን አሳየን። “ነገ በአይሱዙ ልወስደው ነው። ግን መኪና ላይ አልወጣ ብሎኛል። እናንተ ካላችሁ ይወጣል።”

“ከዚያስ እንጎበኘዋለን?” አለች ፎዚያ።

“በየኢዱ እወስዳችኋለሁ።”

“እኔስ በፋሲካ?” አልኩት።

“አንቺን በፋሲካ። ፈረሱ የሁሉም ነው።”

ቅዳሜ ጠዋት ፓፓያ አራግፎ ባዶውን የሚመለስ አይሱዙ መጣ። ከኋላው ሳንቃ ተደገፈ። ሁለት ሰው ቢገፋው፣ አንድ ሰው ቢጎትተው ቦራ ሳንቃውን አልረገጠም። እኛ ስድስታችን ወጥተን ላዩ ላይ ቆምን። ቦራ አየን፣ ሳንቃውን አሸተተና እየተንቀጠቀጠ ወጣ። ሹፌሩ፣ “ወሪያ አደም፣ ፈረስህ ከአንተ ይልቅ ሕፃን ያምናል” ብሎ ሳቀበት። መንገዱን ሙሉ እየዘፈንን ሄድን። ፀሐይ ነበር፣ አቧራ ነበር፣ የፓፓያ ቅጠል ወለሉ ላይ ነበር፤ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን የተደሰትኩበትን ቀን ብፈልግ አላገኝም። ይህንን መጻፍ ያስጠላኛል፣ ግን እንዲያ ነበር።

መልካ ጀብዱን አለፍንና መኪናው ቆመ። ወረድን፣ ቦራም ተከትሎን ወረደ። እሾህ፣ ድንጋይ፣ ሁለት የደረቁ ግራሮች። ማሳ የለም። ቤት የለም። ሳር የለም። ወደ ታች ራቅ ብሎ የከብት ውሃ መጠጫ ገንዳ ይታያል። ዓይኔ ያኔም ነገር አያልፈውም ነበር፤ ሁሉንም አየሁ። ፎዚያ፣ “ማሳው የቱ ጋ ነው?” ብትል አደም፣ “ከዚያ ጉብታ ኋላ ነው፤ ወንድሜ መጥቶ ይወስደዋል” አላት። እሷ አመነች። እኔ አላመንኩም፤ ዝም አልኩ እንጂ።

አደምን ያስጨነቀው ሌላ ነገር ነበር። ቦራ መኪናውን ተከትሎ አስፋልት ላይ ቢሮጥስ? ሹፌሩም፣ “ተከትሎን መኪና ቢገጨው በኔ ነው የሚሆነው፣ እሰሩት” ይላል። ገመድ አልነበረም፤ አደምም ማሰር አልፈለገም፣ የለቀቁትን አያስሩማ። ያኔ ነው እኔ የተናገርኩት።

“ጋሼ አደም፣ አምስታችን ብቻ እንንካው። እኔ አልነካውም። እኔን ሲጠብቅ ከቦታው አይነቃነቅም።”

አደም አየኝ። “ዋላሂ፣ አንቺ ልጅ ጭንቅላት አለሽ” አለ።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ቀርፋፋ ነበር ስሜ። ጭንቅላት አለሽ ብሎኝ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ስለዚህ ሳሩን ረሳሁት። ፎዚያ ነካችው፣ በረከት ነካው፣ የቀሩትም ነኩት። ቦራ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ወደ እኔ ዞረ። እጄን ከኋላዬ ቆልፌ ቆምኩ። የአደም ወንድም እስኪመጣ ነው ብዬ ነበር፣ ወይ እንዲህ ብዬ ነበር ብዬ ዛሬ እላለሁ። ጃሃ ያለ የለም። መኪናው ላይ ወጣን። ቦራ እኔ በነበርኩበት ቦታ ላይ ዓይኑን ጥሎ፣ አንገቱን እንዳወረደ፣ እያነሰ እያነሰ ሄደ። አንድ እርምጃ አልተከተለንም። ሹፌሩ አደነቀኝ። አደም ከተማ ስንገባ ለእኔ ብቻ ሐላዋ ገዛልኝ፤ ለማንም ሳላካፍል በላሁት።

ማክሰኞ ቀን ፎዚያ ቤት ነበርኩ። እናቷ በደጃፉ ላይ ከመልካ ጀብዱ ከምትመጣ ሴት ፓፓያ ትገዛለች። ሴትዮዋ በኦሮምኛ ታወራለች፤ እኔ ያኔ ቁጥሩን እንጂ ሌላውን ብዙ አልሰማም፣ ፎዚያ ናት የምትተረጉምልኝ። “ከኛ ወዲያ መንገድ ዳር አንድ ፈረስ ቆሟል ትላለች። አልታሰረም ትላለች። ገንዳው እዚያው አጠገቡ ነው፣ ልጆቹ እየጎተቱ ሊወስዱት ቢሉ እምቢ አለ፣ ጂን አለበት ብለው ተዉት ትላለች።” ፎዚያ ሳቀች። “ሞኝ ፈረስ። የኛ ቦራ ሳር ሲበላ እሱ እዚያ ቆሟል።” ፎዚያ ሞኝ አልነበረችም፤ ሳሩን ስላመነች ብቻ ነው ያልገባት። እኔ ገባኝ። ፓፓያው ላይ የሚያርፉትን ዝንቦች እያየሁ ገባኝ።

ወደ አደም ሮጥኩ። ባጃጁን በጨርቅ እየወለወለ ነበር። “ጋሼ አደም፣ ውሰደኝ። አንዴ ብቻ ልንካው፣ ከዚያ ውሃው ጋ ይሄዳል።”

“ወንድሜ ወስዶታል።”

“አልወሰደውም። ቆሟል።”

“ጠግቦ ነው የቆመው። ፈረስ ሲጠግብ ይቆማል።” ጨርቁን አጠበ፣ ጨመቀ፣ እንደገና መወልወል ጀመረ። “ሂጂ ወደ ቤትሽ፣ እናትሽ ትፈልግሻለች።”

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ቀርቼ በእግሬ ወጣሁ። የመልካ ጀብዱን መንገድ ይዤ ሄድኩ፣ ሄድኩ፣ ፀሐይዋ አናቴ ላይ ወጣች። የከተማው ቤቶች ባለቁበት ላይ መንገዱ ቀጥ ብሎ፣ ጫፉ በሙቀት እየተንቀጠቀጠ ታየኝ። ዛፍ የለም፣ ሰው የለም፣ ከባድ መኪና ብቻ ያልፋል። ፈራሁ። ተመለስኩ። ለእናቴ ሆዴን አሞኛል አልኳት። በቀጣዩ ማክሰኞ ፓፓያ ሻጯ ስትመጣ ፎዚያን፣ “ስለዚያ ፈረስ ጠይቂልኝ” አልኳት። ጠየቀችልኝ። ሴትዮዋ ፓፓያውን ከመደርደር ሳታቋርጥ አንድ ቃል መለሰች። ፎዚያ፣ “ወደቀ ትላለች” ብላ፣ ወዲያው ገመድ ልንዘል ጎተተችኝ። ዘለልኩ።

ከዚያ ወዲህ ያለው የሁሉም ሰው ታሪክ ነው። ባቡሩ ማፏጨቱን አቆመ፣ ካሴት ቤቱ ሞባይል መጠገኛ ሆነ፣ አባቴ ቤት ዋለ። ፎዚያ ጅቡቲ አግብታ ሄደች። እኔ ከሥራ ሥራ እዘላለሁ፤ አንድ ቦታ ስድስት ወር ስቆይ ግድግዳው ይጠበኛል፣ ከደሞዙ ይልቅ ከሥራ ገበታው ላይ የጫርኳቸውን ስንኞች ይዤ እወጣለሁ። ሰው የተረጋጋ ኑሮ ለምን እንደማይሆንልኝ ሲጠይቀኝ ጠባዬ ነው እላለሁ። ቆሞ መጠበቅ ያስፈራኛል፤ ሰው ቀጥሮኝ አምስት ደቂቃ ከዘገየ ትቼው እሄዳለሁ። አንድ ጊዜ ለአንድ የእንስሳት ሐኪም ታሪኩን ስነግረው፣ “ፈረስ እጅ እየጠበቀ ሦስት ቀን አይቆምም” አለኝ። “ኮቴው ተሰንጥቋል ብለሽ የለ? መራመድ አቅቶት ነው።” ደግ ሰው ነው፣ ሊያሳርፈኝ ፈልጎ ነው። ለአንድ ዓመት ያህል አርፌም ነበር።

አምና አደምን አገኘሁት፣ ጤና ጣቢያ ወረፋ ላይ። ስኳር እግሩን ጨርሶበታል፤ ያ ግራጫ ኮት የለም፣ ሰውነቱ አንሶ ወንበሩ ሰፍቶታል። ማን እንደሆንኩ ስነግረው ፊቱ በራ። “ቲጂ ቀርፋፋዋ? አገባሽ?”

“አላገባሁም ጋሼ አደም።”

“ምነው፣ ዕቃሽን ሰብስበሽ ሳትጨርሺ ቀረሽ?”

ሳቅን። ከሳቅን በኋላ ነው የነገርኩት፤ ሃያ ዓመት የተሸከምኩትን ሁሉ። የኔ ሐሳብ ነበር አልኩት፣ እኔ ነኝ ያስቆምኩት። ይቅርታ ፈልጌ ይሁን ስድብ አላውቅም። አደም መሬት እያየ ሰማኝ።

“እኔም ሄጄ ነበር” አለ።

“የት?”

“በማግስቱ። እሑድ፣ በባጃጁ። ከሩቅ አወቀኝ፣ ጆሮውን አቆመ። ከዚያ አንገቱን አወረደልኝ።” መዳፉን በአየር ላይ ዝቅ አድርጎ አሳየኝ፣ እስከየት እንዳወረደ። “አልወረድኩም። ሞተሩን እንኳን አላጠፋሁም።”

“ለምን?”

“ከነካሁት ይከተለኛላ። የት አባቴ ላስገባው?”

“ውሃስ?”

ነርሷ የሌላ ሰው ስም ጠራች። “አንቺ ያኔ ማክሰኞ ስትመጪ እንደቆመ አውቅ ነበር” አለኝ። “አንቺን ብወስድሽ ደግሞ አብሮሽ ይመጣል። ልጅ ፈረስ እየጠበቀው ጥሎ አይመለስም።”

አንድ ጊዜ ጥዬው ተመልሻለሁ ልለው ነበር። ለብቻዬ የነበረውን ለሁለት ስንካፈለው ይቀልላል ብዬ ነበር የነገርኩት፤ እሱ የራሱን ጨመረበት እንጂ አልቀነሰልኝም። እስከዚያ ቀን ድረስ ሐኪሙ ልክ ሊሆን ይችላል የምልበት አንድ ጥግ ነበረኝ፤ ያችንም ያቺ አየር ላይ ዝቅ ያለች መዳፍ ወሰደችብኝ። ሲነሳ፣ “ሌሎቹ ልጆች ያውቃሉ?” አለኝ።

“አያውቁም።”

“አትንገሪያቸው። ለእኔ ብለሽ አይደለም።”

አደም ከዚያ ክረምቱን አልጨረሰም። ፎዚያ ለኢድ ከጅቡቲ መጣች፣ የሰባት ዓመት ሴት ልጇን ይዛ። ልጅቷ አማርኛ ትሰማለች፣ መመለስ ታፍራለች። መጋላ እነሱ ቤት ምንጣፉ ላይ ተቀምጠን ስንጫወት ፎዚያ ለልጇ ስለ ቦራ ታወራላት ጀመር፤ ስለ አይሱዙው፣ ስለዘፈንነው፣ ስለ አደም ወንድም ማሳ። “ቃል ገብቶልን ነበር በየኢዱ ሊወስደን፣ አላህ ይዘንለትና ሳይወስደን ቀረ” አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። “ቲጂ፣ ነገ መኪና ይዘን ለምን አንሄድም? ቦታውን ላሳያት። ታውቂዋለሽ አይደል?”

አውቀዋለሁ። የፋብሪካ ሼድ ተሠርቶበታል፤ እኔ ራሴ አራት ወር ሸሚዝ ሰፍቼበታለሁ፣ ግራሮቹ የነበሩበት ላይ አሁን የሠራተኛ አውቶቡሶች ይቆማሉ።

“ፋብሪካ ሆኗል” አልኳት።

ልጅቷ የእናቷን ጉልበት ይዛ አፌን ታያለች።

“ውይ” አለች ፎዚያ። “ያ ሁሉ ሳር?”

“ያ ሁሉ ሳር” አልኳት።